የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ፦ ሲጋራ ነክተው የማያውቁ እናት ሳንባቸው ስለምን ታመመ?

በዚህ እትም ስለ ሥር የሰደደ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን መርጠናል። ሦስቱም ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ማለትም ከቡራዩ፣ ከአቃቂና ከሱሉልታ የተላኩ ናቸው። የጸሐፊዎቹን ማንነት ላለመግለጥ ስማቸውን ትተናል፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ከቡራዩ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 57 ዓመታቸው ነው። እኛን አራት ልጆቻቸውን ያሳደጉን እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች በማስረከብ ነው። እስከ ዛሬም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ ምጣዳቸውን ያሰማሉ። ሲጋራ በሕይወታቸው ነክተው አያውቁም። ከአምስት ዓመት ወዲህ ጠዋት ጠዋት አክታ ያለው ሳል ያስቸግራቸዋል፤ የሰፈራችንን ዳገት ሲወጡም ትንፋሽ እያጠራቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ይቆማሉ። መጀመሪያ “ብርድ ነው” ተባሉ። ቀጥሎ የአክታ ምርመራቸው ነጻ ሆኖ ሳለ የቲቢ መድኃኒት ስድስት ወር ወሰዱ። ከዚያም “አስም ነው” ተብሎ ቬንቶሊን ታዘዘላቸው። ሲብስባቸው ከመድኃኒት ቤት ፕሬድኒሶሎን እንገዛላቸዋለን፤ ያን ጊዜ ሻል ይላቸዋል። በቅርቡ ሪፈር ተጽፎልን በመሣሪያ የሚነፋውን ምርመራ አደረጉና ሲ.ኦ.ፒ.ዲ. (የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም) ነው ተባልን። ወረቀቱ መድኃኒት ከሳቡ በኋላ ኤፍ.ቪ.ሲ. 2.40፣ ኤፍ.ኢ.ቪ.1 1.30፣ ከሚጠበቀው 58 በመቶ ይላል። ጎረቤቶቻችን ግን ይህ የአጫሾች በሽታ ነው ይሉናል። እውነት ነው? አሁንስ ምን እናድርግ?

መልስ

ጎረቤቶችዎ የሚሉት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ከሞላ ጎደል ልክ ነው፤ ለቡራዩ ግን አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው የዚህ ሕመም መነሻ ትምባሆ ሲሆን፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የትምባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው፤ በእነዚህ አገሮች ከዋነኞቹ መነሻዎች አንዱ የማገዶ ጭስ ነው። ሳንባ ጭሱ ከሲጋራ ይምጣ ከምጣድ ሥር ለይቶ አያውቅም። የድርጅቱ የ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካዩ ከ15 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ እንጨት በሚነድበት፣ ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት ውስጥ የሚለካው ግን በመቶዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚያልፍ ነው። እናትዎ በዚህ አየር ውስጥ ያሳለፉት ዕድሜ ከብዙ አጫሽ ዕድሜ ያላነሰ ነው።

ይህ ብናኝ የአየር ቧንቧዎችን ግድግዳ ያቆስላል፣ ያወፍራል፤ አክታም ያበዛል። በጊዜ ብዛትም ቧንቧዎቹ ጠበው ይቀራሉ፤ በተለይ አየር ሲወጣ መንገዱ ስለሚዘጋ አሮጌ አየር ሳንባ ውስጥ ይታጎራል። “አየር አልገባ አለኝ” የሚለው ታማሚ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የገባው አየር አለመውጣቱ ነው። በማገዶ ጭስ የሚመጣው ሕመም በሲጋራ ከሚመጣው በመጠኑ ይለያል፤ የሳንባ ከረጢቶች መፍረስ ያነሰ፣ የቧንቧዎች መወፈር፣ ሳልና አክታ ደግሞ የበዛ ይሆናል። በእናትዎ ላይ የሚያዩትም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ወረቀትዎ እንምጣ። ኤፍ.ቪ.ሲ. ሰው በሙሉ አቅሙ ሳንባውን ሞልቶ ከሳበ በኋላ አንጠፍጥፎ የሚያወጣው አየር ነው፤ ኤፍ.ኢ.ቪ.1 ደግሞ ከዚያ ውስጥ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የወጣው ነው። 1.30 ለ2.40 ሲካፈል 0.54 ይሆናል። ጤነኛ ሳንባ ከአየሩ ብዙውን በመጀመሪያዋ ሴኮንድ ይለቃል፤ የቧንቧ ማስፊያ መድኃኒት ተስቦ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ እንኳ ውጤቱ ከ0.70 በታች ከቀረ መጥበቡ የማይመለስ ነው ይባላል። ምልክቱና ለጭስ የመጋለጡ ታሪክ ሲጨመርበት ሕመሙ የሚረጋገጠው በዚህ ነው። ሁለተኛው ቁጥር፣ 58 በመቶ የሚለው፣ ደረጃውን ይነግረናል። ከ80 በላይ ቀላል፣ ከ50 እስከ 79 መካከለኛ፣ ከ30 እስከ 49 ከባድ፣ ከ30 በታች እጅግ ከባድ ተብሎ ስለሚመደብ፣ እናትዎ መካከለኛው ላይ ናቸው። በዚህ ደረጃ ብዙ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ።

የቲቢና የአስም ምርመራው ለምን ተሳሳተ ብለው ማንንም አይውቀሱ ለማለት ያስቸግረኛል፤ ሆኖም የተሳሳተበትን ምክንያት መረዳት ይጠቅማል። ቲቢ በአገራችን ብዙ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ሁሉ በአክታ ምርመራ፣ በተለይም በጂን ኤክስፐርት፣ መጣራቱ ተገቢ ነው። ምርመራው ነጻ ሲሆን፣ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብና ትኩሳት ሳይኖር፣ በራጅ ላይም የሚያስጠረጥር ነገር ሳይታይ መድኃኒቱን መጀመር ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በእርግጥ ቲቢ ታመው የዳኑ ሰዎችም ሳንባቸው ላይ በቀረው ጠባሳ ምክንያት ቧንቧቸው ሊጠብ ስለሚችል፣ “ቲቢዬ ተመለሰ” የሚል ታማሚ ሁሉ ቲቢ አለበት ማለት አይደለም። አስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከልጅነት ወይም ከወጣትነት ይጀምራል፤ ይመጣል ይሄዳል፤ በመካከሉ ሰውየው ደህና ይሆናል። የእናትዎ ግን ከ50 ዓመት በኋላ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምር፣ ደህና ቀን የሌለው ነው። የልብ ድካምም ትንፋሽ ስለሚያሳጥር፣ እግራቸው ካበጠ ወይም ጋደም ሲሉ ከባሰባቸው ልባቸው መታየት አለበት። በእኔ እምነት፣ ዕድሜውን በጭስ ያሳለፈ ሰው ሳሉ ከቆየና የአክታ ምርመራው ነጻ ከሆነ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ከመጻፍ አስቀድሞ የመንፋቱን ምርመራ ማዘዝ ይገባል። ጤና ጣቢያው መሣሪያው ከሌለው፣ መሣሪያው ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ማጻፍ ነው፤ የጤና መድን ደብተር ያላቸው ሰዎች ደግሞ ሪፈሩን ሳይዙ እንዳይሄዱ።

ስለ ፕሬድኒሶሎን፣ ማለትም ስለ ስቴሮይድ ኪኒን፣ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ሕመሙ ሲያገረሽ ሐኪም በቀን 40 ሚሊግራም ለ5 ቀን ቢያዝዝ ይጠቅማል። በየጊዜው እየገዙ መዋጥ ግን ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢን ይቀሰቅሳል። “ሻል አለኝ” የሚያሰኘው መድኃኒት ስለሆነ ሰው ይወደዋል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። እናትዎ ከሦስት ሳምንት በላይ ሳያቋርጡ ወስደውት ከሆነ ግን በድንገት አያቋርጡት፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላቸው።

የዕለት ተዕለቱ ሕክምና በመሳብ የሚወሰድ መድኃኒት (ፓፍ) ነው። ቬንቶሊን፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ ሲያጥራቸው ብቻ የሚወሰድ ሲሆን ሥራውም ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። በየቀኑ ምልክት ላለበት ሰው እንደ ቲዮትሮፒየም ወይም ፎርሞቴሮል ያሉ ረጅም ሰዓት የሚሠሩ መድኃኒቶች ይሻላሉ፤ ከሐኪምዎ ጋር የትኛው እንደሚገኝና አቅማችሁ የትኛውን እንደሚችል ተነጋገሩ። ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ ለሁሉም አይታዘዝም፤ በተደጋጋሚ ለሚያገረሽበትና በደም ምርመራው ኢዮሲኖፊል የተባለው ሕዋስ ከ300 በላይ ለሆነ ሰው ነው በዋናነት የሚጠቅመው፤ ለሌላው የሳንባ ምች ዕድሉን መጨመሩ ያይላል። ከታዘዘ፣ ከሳቡ በኋላ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለበለዚያ አፋቸው ውስጥ ነጭ ፈንገስ ይወጣል።

ፓፉን እንዴት እንደሚጠቀሙበት አንድ ቀን አጠገባቸው ቆመው ይመልከቱ። ብዙ ሰው አፉ ላይ ደግኖ ሁለት ጊዜ ቸስ ቸስ ያደርገውና መድኃኒቱ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ያዘጋጁ፤ የፕላስቲኩን ታች የፓፉ አፍ ልክ በሚያህል ቀዳዳ በጋለ ሽቦ ይብሱት፤ ፓፉን እዚያ አስገብተው አየር እንዳያሾልክ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ። ፕላስቲኩን አስቀድሞ በሳሙና ውኃ አጥቦ ሳይወለውሉ በነፋስ ማድረቅ፣ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል። ፓፉ ይናጣል፤ እናትዎ አየር ካስወጡ በኋላ የጠርሙሱን አፍ በከንፈራቸው ገጥመው ይይዛሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫናል፤ ከዚያም በዝግታ አራት አምስት ጊዜ ይስባሉ፣ ያስወጣሉ። ሁለተኛው ከተፈለገ ግማሽ ደቂቃ ተጠብቆ ነው። በደንብ የተሳበ አንድ ፓፍ ጉሮሮ ላይ ከቀሩ አምስት ይበልጣል።

ስለ ምጣዱ፦ “መጋገር ያቁሙ” ብሎ መጻፍ ለእኔ ቀላል ነው፤ የቤቱ እንጀራ ግን ከዚያው ነው። ስለዚህ ማድረግ የሚቻለውን እናስብ። መብራት በሚኖርበት ሰዓት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉም ይሻላል። ያ ካልሆነ ከሲሚንቶ የሚሠራው “ምርጥ” የተባለው ምድጃ ማገዶን በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ እሳቱም የታቀፈ ስለሆነ ጭሱ ከሦስት ጉልቻ ያንሳል፤ ጭስ አልባ ነው ብሎ መተማመን ግን አይገባም። ምድጃውን ሁለት ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ማውጣት፣ እርጥብ ቅጠል አለመማገድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭሱ የሚበረታባትን የማቀጣጠያዋን ሰዓት ሌላ ሰው እንዲይዝላቸው ማድረግ ይጠቅማል። በርበሬ ሲቆላና ዕጣን ሲጤስ እናትዎ ከቤት ይውጡ። ከሰልን በተዘጋ ቤት ማንደድ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል፤ ይህ ለጤነኛውም ነው።

ጦስኝና ዝንጅብል ቢጠጡ አልቃወምም፤ ጸበልም ቢጠመቁ መድኃኒቱን እስካላቋረጡ ድረስ። በባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት መታጠን ግን የቆሰለውን ቧንቧ ይኮሰኩሰዋልና ይቅር። የአክታው ቀለም ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከተለወጠና ከበዛ፣ ትንፋሹም ከወትሮው ካጠረ አገርሽቷልና በዚያው ቀን ይሂዱ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ብሏቸው ከተደነባበሩ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ከአቃቂ

የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበርሁ፤ አሁን 63 ዓመቴ ነው። በቀን ግማሽ ፓኮ እያልሁ ለ40 ዓመት አጭሻለሁ። ያስለኛል፤ ራጅ ተነሥቼ ግን “ሳንባህ ንጹሕ ነው” ተባልሁ። ራጁ ንጹሕ ከሆነ ምን ያሳስበኛል? ደግሞስ በዚህ ዕድሜ ማቆሙ ምን ይጨምርልኛል?

መልስ

ራጅ ቲቢን፣ ዕጢንና የልብ መስፋትን ለማየት ይረዳል እንጂ ሲ.ኦ.ፒ.ዲ. የለም ለማለት አያስችልም፤ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ራጁ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። በቀን ግማሽ ፓኮ ለ40 ዓመት ማለት በሐኪም ስሌት በቀን አንድ ሙሉ ፓኮ ለ20 ዓመት እንደማጨስ ስለሚቆጠር፣ ከሳሉ ጋር ተደምሮ የመንፋቱን ምርመራ ያስፈልግዎታል። አክታዎ ደም ከቀላቀለ ወይም ክብደትዎ ከቀነሰ ደግሞ ወረፋ አይጠብቁ።

ማቆሙ ምን ይጨምራል ላሉት፦ የጠፋው አይመለስም፤ የሚጠፋበት ፍጥነት ግን ይቀንሳል። ፍሌቸርና ፔቶ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ከዚያም በኋላ በሌሎች የተረጋገጠው ግኝት ይህ ነው። የማንኛውም ሰው ሳንባ በዕድሜ ይቀንሳል፤ ሲጋራ የሚጎዳው አጫሽ ግን በእጥፍና ከዚያ በላይ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሲያቆም ወደማያጨስ ሰው ፍጥነት ይመለሳል። ስለዚህ በ63 ዓመት ማቆም በ75 ዓመት ራስዎ ወደ ታክሲ ተራ በእግርዎ ለመሄድዎ ወይም ላለመሄድዎ ሊወስን ይችላል። ፓፍ እየሳቡ ማጨስ መድኃኒቱን ከንቱ ያደርጋል። ጫት ሲቅሙ ሲጋራው አብሮ እንደሚመጣ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን መተው ይቀላል የሚሉኝ ታማሚዎች ይበዛሉ። ሺሻም “በውኃ የተጣራ” አይደለም። ለማቆም አንድ ቀን ቆርጠው ለቤተሰብ ይንገሩ፤ ከሐኪም ጋርም ስለ ኒኮቲን መተኪያ ይነጋገሩ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስ ክልክል ስለሆነ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ከጎንዎ የሚያጨሰውን ተው ማለት መብትዎ ነው።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ

አባቴ 70 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በድንጋይ ወፍጮ ሥራ ነው። ሲ.ኦ.ፒ.ዲ. እንዳለባቸው ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆነ። በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ገዝተናል፤ ጠዋት 87 ወይም 88፣ ከሰዓት 90 ይላል። አንዳንዶች “ሱሉልታ ደጋ ስለሆነ ነው” ይሉናል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ የኦክስጅን ማሽን ልላክ ይላል። ወደ አዳማ ቢወርዱስ ይሻላቸው ይሆን?

መልስ

ከፍታው ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፤ ሙሉ ምክንያቱ ግን እሱ ነው ብለው አይለፉት። በአዲስ አበባ ከፍታ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከአዲስ አበባም ከፍ ትላለች። ነገር ግን በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ደማቸው በአማካይ 95 በመቶ ያህል ኦክስጅን እንደያዘ ተገኝቷል። ስለዚህ 87ን “የደጋ ነው” ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በመጀመሪያ አለካኩን ያስተካክሉ። አባትዎ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ፤ በሱሉልታ ጠዋት የቀዘቀዘ ጣት የተሳሳተ ቁጥር ስለሚሰጥ እጃቸውን ያሙቁ፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ። በሴቶች ዘንድ ደግሞ የጥፍር ቀለም ወይም እንሶስላ የሌለበት ጣት ይመረጥ። መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል ስለሚታወቅ፣ የአባትዎ ትክክለኛ መጠን ከሚታየው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ውሳኔው ከደም ሥር በሚወሰድ የደም ጋዝ ምርመራ የሚረጋገጠው።

በ1980 እና በ1981 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት ጥናቶች፣ ሕመሙ ጸንቶባቸው ኦክስጅናቸው በእረፍት ጊዜ በጣም ለወረደ ታማሚዎች በቀን ቢያንስ ለ15 ሰዓት ኦክስጅን መስጠት ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳይተዋል። የመቁረጫው ልክ 88 በመቶና ከዚያ በታች ነው፤ የሚለካውም ሕመሙ ባገረሸበት ሳምንት ሳይሆን ከተረጋጋ በኋላ ነው። አባትዎ በዚህ ወሰን ላይ ስለሆኑ በቅርቡ የሳንባ ሐኪም ማየት አለባቸው። ሲታዘዝ የሚሰጠው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። “ብዙ ቢሆን ይሻላል” ብሎ መጨመር በዚህ ሕመም የተቃጠለ አየር በደም ውስጥ እንዲከማችና ታማሚው እንዲደነዝዝ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያቅዱት ከ88 እስከ 92 እንዲሆን ነው። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ሲጋራ፣ ሻማ፣ የዕጣን ፍምና ከሰል አይገቡም።

አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ በኦክስጅን ይሻላል፤ ቁጥራቸውም ጥቂት ከፍ ይል ይሆናል። የጠበበውን ቧንቧ ግን አያሰፋውም፤ አቧራና ሙቀትም አለ። ቤት ሸጦ ከመሄድ ይልቅ ዘመድ ዘንድ ጥቂት ሳምንት ቆይተው ቢሞክሩት ይሻላል።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ወንድምዎ ከመግዛታቸው በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። የአሜሪካ ማሽን በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ስለሆነ ለ220 የተሠራውን ይጠይቁ፤ መብራት ሲጠፋም ምትክ የሚሆን ሲሊንደር ቤት መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን የከፍታ ወሰን ያንብቡ፤ ከ2,300 ሜትር ገደማ በላይ እንዲሠሩ ያልተሠሩ ማሽኖች አሉ፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያ በላይ ነች።